ከማንም በፊት

መካኒሳ ሰፈራችን ውስጥ ሬዲዮ ያለው እኔ ቤት ብቻ ነበርና፣ ማታ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ዜና ሊሰማ እኔ ዘንድ ይሰበሰባል። ጣቢያው ዜናውን ሁልጊዜ የሚጀምረው «ከማንም በፊት ከእኛ ይስሙ» ብሎ ነው፤ እኛም ቃሉን እናምነው ነበር። አንድ ምሽት የዕድሩ ዳኛ ጋሽ መርጋ በር ላይ ያዙኝና፣ «የእታገኝ ወንድም መኪና ተገልብጦበት ሞቷል። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፣ እሷ ብቻ ናት ያልሰማችው። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌ ሆነን እናረዳታለን። ብቻ ዜናው ላይ ስሙን እንዳይጠሩት ፈርቻለሁ» አሉኝ። እታገኝ ደግሞ እንደ ወትሮዋ ከሁሉም ቀድማ ገብታ ሬዲዮኑ ፊት ተቀምጣለች። አላስችል አለኝ፤ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። «ከማንም በፊት» የሚለው ድምፅ ገና ሲጀምር እጄ ሳላዘው ሄዶ ዘጋው።

«ባትሪው ደክሟል» አልኩ።

«ትናንት አይደል እንዴ አዲስ ያስገባኸው?» አለች እታገኝ። ዞር ብላ አንድ በአንድ አየችን፤ ጋሽ መርጋ መሬት መሬቱን ያያሉ። ነጠላዋን አውልቃ ዘቅዝቃ ለበሰችው።

«ክፈተው» አለችኝ። «እሱ እንኳ እስኪነጋ አያስጠብቀኝም።»

ከፈትኩት። ስለ ቡና ገበያ አወራ፣ ስለ አንድ አዲስ ድልድይ አወራ፣ ዜናው አለቀ። ስለ ወንድሟ ትንፍሽ አላለም።

ለካ ከማንም በፊት ያረዳኋት እኔው ነበርኩ።