የእማማ አስካለ መስኮት

አብነት ሰፈር ያለ አንድ ጋራዥ ውስጥ አፍሬ ዝም ያልኩትን ነገር ሁለት ዓመት ለማንም ሳልናገር ይዤው ኖሬያለሁ። የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። መካኒኩ መኪናዬ ሥር ገብቶ ወጣና፣ «ካታሊስቱ ተደፍኗል። ቆርጠን እናውጣውና ባዶ ቱቦ እንበይድበት፤ ጉልበት ታገኛለች» አለኝ። ያ የማር እንጀራ የመሰለ ዕቃ የሞተሩን መርዛማ ጭስ ጉዳቱ ወደቀነሰ አየር እንደሚለውጥ በየዓመቱ አስተምራለሁ። በዚያ ሁሉ ወንድ መሀል መከራከር ግን አፈርኩና እሺ አልኩ።

ልደታ የምንኖርበት ግቢ ጠባብ ስለሆነ መኪናዬ የምትቆመው ጎረቤቴ እማማ አስካለ መስኮት ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት ሞተር ሳሞቅ ማሳል ጀመሩ። ሐኪም ከጭስ ይራቁ ሲላቸው የከሰል ምድጃቸውን ለሰው ሰጡ። «የገዛ ምድጃዬ ሊገድለኝ ነበር» ሲሉኝ አብሬያቸው አዘንኩ እንጂ እውነቱን አልተናገርኩም።

ባለፈው ወር አዲስ ካታሊስት አስገጠምኩና በራቸውን አንኳኩቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንገቴን ደፍቼ ስጨርስ፣ «እስቲ አስነሺያት» አሉኝ። አስነሳሁ። ዘግተውት የከረሙትን መስኮት ከፍተው ጥቂት አሸተቱ።

«አሁንስ ደህና ናት» አሉ። ከዚያ ዓይኔን እያዩ፣ «ልጄ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልሽኝ አፍረሽኝ ነው ወይስ ንቀሽኝ?»

«አፍሬ ነው፣ እማማ።»

መስኮቱን ክፍት ትተውት ወደ ጓዳ ገቡ። መካኒኮቹን ማፈሬን አውቃለሁ። ለእሳቸው የሰጠሁት መልስ እውነት መሆኑን ግን ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።