ግድግዳው ላይ የወጣው ጥያቄ

አርባ ምንጭ፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመዝሙር ግጥም ግድግዳ ላይ የሚያወጣውን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ። ኪቦርዱ ጋ የምትቀመጠው እህት አልማዝ ስፔስ ስትጫን ቀጣዩ ስንኝ ይመጣል። አንድ ቅዳሜ "ውጣ" የሚል ቁልፍ ስክሪኑ ላይ ጨመርኩ። ለካ ፎከሱን፣ ማለትም ኪቦርዱ የትኛውን ቁልፍ እንደሚያዝ፣ ማስተካከሉን ረስቼዋለሁ! ሄዶ "ውጣ" ላይ ቁጭ ብሏል።

እሁድ መዝሙሩ በጭብጨባ ደርቶ ሳለ አልማዝ ስፔስ ተጫነች። ግድግዳው ላይ በትልቁ "በእርግጥ መውጣት ይፈልጋሉ?" የሚል ወጣ። እኔ ክው አልኩ። ሕዝቡ ግን የሚዘምረው ግድግዳውን እያየ ነውና በዚያው ዜማ "በእርግጥ መውጣት ይፈልጋሉ?" ብሎ አስነካው! ደግሞም ደገመው። ፓስተሩ ማይኩን ይዘው "አንወጣም!" ሲሉ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እኔ ወንበር ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝም፤ አልማዝ በሳቅ ብዛት እንባዋ ይፈሳል።

በሳምንቱ አስተካክዬው መጣሁ፤ ስንኙ ሁሉ በየተራው ወጣ። አምልኮው ሲያልቅ ከጫኖ የሚመጡ አንዲት እናት በር ላይ እጄን ያዝ አደረጉና፣

"ልጄ፣ ያ የባለፈው መዝሙር ዛሬ ለምን ቀረ? ልቤን ነክቶት ነበር እኮ!" አሉኝ።