ዮስር የለቀቀችው ወንበር

ሲ ሙንጂ፣ በእኛ አጠራር አቶ ሙንጂ፣ ከፖስታ ቤት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሞናስቲር ከተማን ገበያ አቋርጠው ዓሣ ሊገዙ ይሄዱ ነበር። አንድ ቅዳሜ በልባሽ ጨርቅ ተራ ሲያልፉ፣ ክምሩ ላይ ጎንበስ ብላ አሮጌ ካፖርት የምታገላብጥ ሴት አዩ። ቀና ስትል የሟች ወንድማቸው ልጅ ዮስር ናት።

ሰላምታውን ትተው ወደ ጥግ ወሰዷት። ውሃ መሥሪያ ቤት ያስቀጠሯት እሳቸው ነበሩ፤ ሥራ አስኪያጁን ደጅ ጠንተው። እሷ ግን ሳታፍር እቅጩን ነገረቻቸው፤ ሥራውን ከለቀቀች ሦስተኛ ወሯ ነው፤ ከአራት ሴቶች ጋር በከፈተችው ስፌት ቤት አሮጌ ካፖርት ፈትታ እንደገና እየሰፋች ትሸጣለች።

«እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት አንድ መስኮት ላይ ተቀምጬ አረጀሁ። አንቺ በአምስት ዓመት ሦስት ሥራ ቀየርሽ። ማን ይመንሽ? ደግሞ የሰው ውራጅ!»

«አጎቴ፣ አይቆጡኝ። የመጀመሪያው ቦታ ጨርቅ መቁረጥ ተማርኩ፤ ሁለተኛው ቦታ ገዢ ማነጋገር። ውሃ መሥሪያ ቤት ግን የተማርኩትን መርሳት ጀመርኩ። ይቺ ካፖርት በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ስፌቷ ግን አልላላም። የዛሬው አዲስ ሁለት ክረምት አይዘልቅም። እናንተ የሚበረክት ነበር የምትገዙት፤ እኛም የምንፈልገው ያንኑ ነው።»

ሲ ሙንጂ አልተዋጠላቸውም። አይፈረድባቸውም፤ እጦትን ያየ ትውልድ አዲስ ዕቃና ቋሚ ደመወዝን ከክብሩ ለይቶ አያይም። ሰኞ ሥራ አስኪያጁን ለመኑ፤ እስከ ሐሙስ ከተመለሰች ቦታው የእሷ ነው ተባሉ። የምሥራቹን ይዘው ወደ ስፌት ቤቷ ገሰገሱ።

ዮስር ገበያ ወጥታ ነበርና በአክብሮት ለላ ሳልሓ የሚሏት በዕድሜ የገፋች ሰፊ ተቀበለቻቸው። የመጡበትን ሰምታ መርፌዋን አስቀመጠች።

«ሲ ሙንጂ፣ እኔም አንድ ቦታ ሠርቼ እዚያው አረጃለሁ ብዬ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ፋብሪካ ውስጥ እጅጌ ብቻ ሰፋሁ። አንድ ቀን ስንመጣ በሩ ተቆልፏል፤ ባለቤቱ የለም። ሙሉ ልብስ መሥራት እንደማልችል ያወቅኩት ያኔ ነው። በስተርጅናዬ ኮሌታ መቁረጥ ያስተማረችኝ ይቺ ልጅዎ ናት።»

የፋብሪካው በር በማንም ላይ ሊዘጋ ይችል እንደነበር፣ እሳቸውንም ያተረፋቸው ብልሃት ሳይሆን ዕድል መሆኑን ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ አሰቡ። ዮስር ስትመለስ ስለ ውሃ መሥሪያ ቤቱ ወንበር አላነሱም።

«ብትታመሙስ?» አሉ ዝግ ብለው። «ስታረጁስ ማን ይጦራችኋል?»

ዮስር ይህን ስታሳድር ስታሳድር እንደከረመች አመነች። የቢሮ ደጅ አስፈርቷት ነበር። ሲ ሙንጂ ግን የሚያውቁት ይህንኑ ነው፤ የትኛው ወረቀት በየትኛው መስኮት እንደሚገባ፣ ማን ዘንድ ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ። በማግስቱ አምስቱን ሴቶች በማኅበር አስመዝግበው፣ የሕክምናና የጡረታ ዋስትናቸውን ማመልከቻ አስገቡ።

ከዚያ ወዲህ ሊጣል የነበረ ሱፍ ሰው ያሞቃል፤ ፋብሪካ የጣላቸው እጆች ሥራ አግኝተዋል፤ የወጣቷ ድፍረትም የአዛውንቱን ጥንቃቄ ተደግፎ ቆሟል። አንዱ ብቻውን ይህን ባልሠራ ነበር።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ሲ ሙንጂ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ።

«እንግዲህ ትመለሳለች?» አላቸው።

«አትመለስም» አሉ ሲ ሙንጂ። «ቦታውን ሥራ ላጣ ልጅ ይስጡልኝ። የእኔ ልጅ ሥራ አላት።»