ዝም ያለው ሰርቨር

አቶ አለበል ሉማሜ ላይ ወደ ማርቆስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠው፣ ረዳቱ "አንድ ሰው ብቻ!" እያለ አራት ሰው ሲጭን በዓይናቸው ይቆጥሩ ነበር። ቆጥረው ካላረጋገጡ የሰው ቃል የማያምኑ ሰው ናቸው። አራተኛዋ ተሳፋሪ ቦርሳዋን ያቀፈች ወጣት ነበረች፤ ከጎናቸው ተጠጋግታ ተቀመጠች።

"ይቅርታ ጋሼ፣ አጣበብኩዎት።"

"ያጣበበኝስ እሱ ነው" አሉ ወደ ረዳቱ በአገጫቸው እየጠቆሙ። "ወዴት ነሽ?"

ትንቢት እንደምትባል፣ ኮምፒውተር እንዳጠናች፣ ማርቆስ ላለ አንድ የሕክምና መረጃ ማዕከል የቁጥጥር ፕሮግራም ልትጭን እንደምትሄድ ነገረቻቸው። አቶ አለበል ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የዚያ ማዕከል ተቆጣጣሪ እሳቸው ናቸው። ሃያ ጤና ጣቢያዎች የሕሙማንን መዝገብ የሚያኖሩባቸው ሃያ ሰርቨሮች አሉ። እሳቸውም በቀን አንድ ጣቢያ እየሄዱ ማሽኑ ደንቡን መጠበቁን ያያሉ፤ ማለትም መዝገቡ መቆለፉን፣ ቅጂው መቀመጡን፣ ሥራ የለቀቀ ሰው አካውንት መዘጋቱን። ያዩትን በወረቀት መዝገብ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ከክረምት በኋላ ጣቢያዎቹ ስልሳ ይሆናሉ። "የሁሉም ደንብ ተጠብቋል" በሚለው ወረቀት ላይ የሚፈርመው ግን ያው የእሳቸው እጅ ነው።

"ማሽን ማሽንን ይቆጣጠር ነው የምትዪኝ?"

"አዎ ጋሼ። በሦስት ሰርቨር ላይ ሞክሬው በአንድ ደቂቃ ጨርሷል።"

"ሦስት! ስምሽስ ትንቢት ነው፤ የቀሩትን ሃምሳ ሰባት በትንቢት አወቅሻቸው?"

"ስሙን ያወጣችልኝ እናቴ ናት" አለች እየሳቀች። "እኔስ ካላየሁ አላምንም። የመጣሁትም ስልሳውን ልሞክር ነው። ግን ስልሳ መሆናቸውን እንዴት አወቁ?"

አቶ አለበል ማንነታቸውን ነገሯት። ሳቋ ቆመ።

"አየሽ ልጄ" አሉ፣ "እኔ ደብረ ኤልያስ ዜማ ተምሬያለሁ። ሦስት ሆነን ስንቆም ዜማ የጠፋበት ወዲያው ይታወቃል። በበዓል ስልሳ ሆነን ስንቆም ግን አፉን ብቻ እያንቀሳቀሰ የሚያነጋ አይጠፋም ነበር። ያንቺ ፕሮግራም እሱን ይይዘዋል?"

ትንቢት ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ ጥያቄውን ጻፈችው። በመመለስ ፋንታ መጻፏ የአቶ አለበልን ጥርጣሬ አባሰው።

በማግስቱ ትንቢት ስልሳ የሙከራ ሰርቨሮች አዘጋጅታ ጠራቻቸው። በአንዳቸውም ላይ የሕሙማን መዝገብ የለም፤ ደንቡና ጫናው ግን እንደ እውነተኞቹ ነው።

"አንድ ነገር ልለምንዎት" አለች። "ከነዚህ አንዱ ላይ ጥፋት ይትከሉ። የትኛው እንደሆነ አይንገሩኝ። በየዙሩም ይቀያይሩት።"

"የምተክለውን ወጥመድ ሰርቀሽ እንዳታዪ፣ ውጭ ቁሚ።"

ወጣች። አቶ አለበል የለቀቀ ሠራተኛ አካውንት በአንዱ ሰርቨር ላይ ክፍት ተውትና ጠሯት፤ በየዙሩም እሷን እያስወጡ ቦታውን ቀያየሩ። በአሥር ሰርቨር ሲሞከር ፕሮግራሙ ጥፋቱን ያዘ። በሃያም ያዘ። በአርባ እየተጎተተ ያዘ። በስልሳ ግን ሁሉም አረንጓዴ ሆነ፤ ስልሳውም "ደንቡን ጠብቋል" ተባለላቸው።

"ተያዝሽ!" አሉ አቶ አለበል ጠረጴዛውን መትተው። "አርባ ሰባተኛው በሩ ወለል ብሎ ነው ያለው!"

ታመካኛለች ብለው ጠብቀው ነበር፤ የተማረ ሰው ሲሳሳት ስህተቱን በእንግሊዝኛ ሲጠቀልል አይተዋል። ትንቢት ግን ወንበሯን ስባ አርባ ሰባተኛውን መረመረች፤ ፊቷ ገረጣ።

"ስልሳውን ባንድ ጊዜ ስጠይቅ የመረጃው መንገድ ተጨናነቀ። አሥራ አንዱ አልመለሱም። እኔ ደግሞ ጥፋት ያልተናገረውን ሁሉ ደህና ብሎ እንዲጽፍ አድርጌ ነው የሠራሁት። ዝምታን እሺታ አድርጌ ቆጠርኩት፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

አቶ አለበል ወንበር ስበው ከጎኗ ተቀመጡ።

"የኔም ነው" አሉ።

"የርስዎ እንዴት ይሆናል?"

"ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጣቢያ ሄጄ፣ ስሙ ይቆየን፣ መብራት ጠፍቶ ማሽኑን ሳላየው ተመለስኩ። ባለፈው ጊዜ ደህና ነበር ብዬ ምልክት አደረግሁ። የለቀቀ ሰው አካውንት ክፍት ነበር። በዚያ በኩል የአንዲት እናት ሕመም ገበያ ወጣ። ሴትዮዋ አገር ለቀቀች። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የማላምነው ሰውንና ማሽንን ብቻ አይደለም፤ እጄንም ነው።"

ጥርጣሬ በራሱ ነውር የለበትም። የሚጎዳው መፈተኛ ሲያጣና በልብ ውስጥ ሲሻግት ነው።

ትንቢት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሠራች። ሰርቨሮቹ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሆነው በተራ እንዲጠየቁ አደረገች፤ መልስ ያልሰጠም በቀይ "አልታየም" ተብሎ እንዲጻፍ። አቶ አለበል ወጥመዳቸውን ወደ ሌላ ሰርቨር አዛወሩ፤ ለተንኮልም ሳይነግሯት ሁለት ሰርቨሮችን አጠፉ። በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ ውጤቱ መጣ፦ አንድ ጥፋት፣ ሁለት "አልታየም"።

"ሁለቱን እርስዎ ነዎት ያጠፏቸው?"

"ማን ይሆናል ታዲያ!" ሳቁ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ተቋጠረ። "ጣቢያ በተጨመረ ቁጥር ይኸው ፈተና ከነወጥመዱ ይደገማል። ወጥመዱን የሚተክለው ፕሮግራሙን የሠራው ሰው አይሆንም።"

"ይጻፍልኝ ጋሼ፤ ደንብ ይሁን።"

"እንግዲህ ስልሳ ጣቢያ ለመዞር ሦስት ወር አልፈጅም። የመጨረሻው ጋ ስደርስ የመጀመሪያው ተበላሽቶ አይጠብቀኝም። በየማለዳው ስልሳውን አይቼ፣ ቀይ ወዳለበት ብቻ እሄዳለሁ። እግሬ የሚያርፈው እሱ በሚያስፈልግበት ቦታ ነው።"

የፈተናው ደንብ በተጻፈበት ወረቀት ላይ ግን ወዲያው አልፈረሙም። መጀመሪያ ከመሳቢያቸው አሮጌውን መዝገብ አወጡ፤ የዛሬ ሦስት ዓመቱን ገጽ ሳያገላብጡ በቀጥታ ገለጡት። በገዛ እጃቸው ያደረጉትን ምልክት በአንድ መስመር ሰረዙና ከጎኑ አጥርተው "አልታየም" ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ፈረሙ።