ጋሽ ዋቅቶላ እና ዋጋ ያልወጣለት ቁጥር ስምንት

የሱቃችን ባለቤት እትዬ እታገኝ፣ የሥራ ባልደረባችን ቶፊቅ፣ ሸክማቸውን በር ላይ አውርደው የገቡት እትዬ አገርነሽ፣ ጎረቤቶች ሁሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛሬ ጡረታ የሚወጡት፣ እዚያ ወንበር ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጠው ማምለጫ የሚፈልጉት ጋሽ ዋቅቶላ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ጋሼ፣ በሩን አይዩት። ቶፊቅ ቆልፎታል።

ጋሽ ዋቅቶላ ወደዚህ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮኑ የጥንት ዕቃ ሱቅ የመጡ ቀን እኔ አልተወለድኩም። ታሪኩን ግን እትዬ እታገኝ በየበዓሉ ስለሚያወሩት፣ ከተወለድኩ በኋላ ካየሁት ነገር ይልቅ እሱን አውቀዋለሁ። የተቀጠሩት ለዘበኝነት ነው። እትዬ እታገኝ የአደን ጠመንጃዎቹን አሳዩዋቸው፤ ሁሉም አሮጌ፣ ሁሉም ጎን ለጎን ሁለት አፈሙዝ ያላቸው፣ ሁሉም መምቻቸው ወጥቶ ለጌጥ ብቻ የተፈቀዱ። «ዓይንህን ከእነሱ እንዳትነቅል» ብለዋቸው ወደ ባንክ ሄዱ።

ገና ከመሄዳቸው አንድ ሰውዬ ገባና የትልቁን ዋጋ ጠየቀ። ጋሽ ዋቅቶላ ዋጋውን አያውቁም። በመጀመሪያው ቀን አላውቅም ማለት ደግሞ ያሳፍራል። ምን አሉ? «የዚህ ዋጋ የሚነገረው ተሸክሞት ዳገቱን ወጥቶ ለወረደ ሰው ነው።» ሰውየው እስኪወጣና እስኪወርድ እትዬ እታገኝ ይደርሳሉ ብለው ነው። ሰውየው «እሺ» አለ! አሁን ጋሼ ሌላ ሐሳብ ገባቸው፤ ይዞብኝ ቢጠፋስ? ስለዚህ አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ ሌላውን ጫፍ ሰውየው ይዘው ጉዞ ወደ እንጦጦ ሆነ።

እትዬ እታገኝ ሲመለሱ ሱቁ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ትልቁ ጠመንጃ የለም፣ ገዢ የለም፣ ዘበኛም የለም። «ሌባ!» ብለው ሰፈሩን አናወጡት። ጎረቤቱ ዱላ ይዞ ወጣ። በዚህ መሃል ሁለቱ ሰዎች በላብ ተዘፍቀው ከላይ ብቅ አሉ። ሰውየው ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ «እፎይ!» አለና ዋጋውን ሳይሰማ ወጥቶ ሄደ።

«ዋቅቶላ! ምን እየሠራህ ነው?»

«እየጠበቅሁ ነው፣ እትዬ። ዓይኔን ከእሱ አልነቀልኩም።»

የዚህ ሱቅ የዋጋ አወጣጥ ሥርዓት የተወለደው እንዲህ ነው። ሌላ አገር ሰብሳቢዎች የሠሪውን ስም፣ የብረቱን ቀለም፣ የሰደፉን እንጨት አይተው ይተምናሉ። እኛ ጋ ዳገቱ ይተምናል። ወርዶ ሲያስቀምጠው እፎይ ያለ ሰው አይሸጥለትም፤ እፎይ ካላለ የእሱ ነው። እትዬ እታገኝም ጋሼን ያላባረሯቸው ነገሩ ስላዋጣቸው ነው፤ ዳገት ወጥቶ የወረደ ገዢ ለመከራከር ትንፋሽ የለውም።

አሁን «ይሄ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በሰው ጡረታ ላይ ምን ያወራል?» የምትሉ አላችሁ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ጠመንጃ ስለምወለውል የሥራ ባልደረባነቴ አንድ ሰባተኛ ነው። ይህን ንግግር ለራሱ አስይዞት የነበረው እዚሁ ሱቅ ይሠራ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ሕሩይ ነው። «ጋሼ ጡረታ ሲወጡ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ብዙ የማዋርድበት ነገር አለኝ» ይል ነበር። ሕሩይ በጥር ዐረፈ። ስለዚህ ማዋረዱ በውርስ ወደ እኔ መጥቷል።

ለማያውቅ እንግዳ ልንገር። የእነዚህ ጠመንጃዎች ቁጥር የተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፉ ይሰፋል፣ ክብደቱም ይጨምራል። ጋሼ ይህን ለገዢ የሚያስረዱት በመኪና ነው። «ሃያ ቁጥር ቀጭን ናት። የውጭ ሰብሳቢዎች የሚሻሙት በእሷ ነው፤ እየዘፈንክ ዳገት ታወጣታለህ። አሥራ ሁለት ቁጥር ቪትዝ ነው፤ ሁሉም አለው፣ ሁሉም ይሸጠዋል። አሥር ቁጥር አይሱዙ ነው፤ የሚፈልገው ይፈልገዋል። ስምንት ቁጥር ግን...» እዚህ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ «ስምንት ቁጥር ሲኖትራክ ነው። ሁሉም ቆሞ ያየዋል፤ ግቢው ውስጥ የሚያቆመው የለም።»

እውነታቸውን ነው። አዲስ ቪላ የሠራ ሰው ሁሉ ለሳሎኑ ግድግዳ ትልቁን ነው የሚጠይቀው። ፍላጎቱ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ ነው። መታጠፊያው ላይ እትዬ አገርነሽ የሦስት ሰው የሚያህል የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ሲወርዱ ያገኙታል። «ወንድሜ፣ ለዚህች ነው የምታቃስተው? ና እንቀያየር!» ይሉታል። ሰውየው እዚያው ይዞራል። ቁጥር ስምንት በዚህ ዓይነት ሳይሸጥ ኖረ። ቶፊቅ ካልሲ ያሰጣበታል። አታስተባብል ቶፊቅ፣ ዛሬ ጠዋት ያነሳሁት እኔ ነኝ።

በስልክ ዳገት አይወጣም ያላችሁ ደግሞ ጋሼን አታውቋቸውም። አንድ ጊዜ ከውጭ አገር አንድ ሰብሳቢ ደውሎ የቁጥር ስምንትን ዋጋ ጠየቀ። ሕሩይ ያስተረጉማል።

«ቤቱ ፎቅ እንደሆነ ጠይቀው» አሉ ጋሼ።

«ፎቅ ነው ይላል።»

«ሰባት ኪሎ ስኳር ትከሻው ላይ አድርጎ ደረጃውን ይውጣና ይውረድ። እጠብቃለሁ በለው።»

ሰውየው ምን ነክቶት እንደሆነ አይታወቅም፣ ወጣ። ሲያለከልክ በስልኩ ሰሙት። ከዚያ አንድ ነገር ዱብ አለ፤ ረጅም ትንፋሽም ተከተለ። ጋሼ ስልኩን ለሕሩይ መለሱለት። «ሃያ ቁጥር ላክለት። እፎይ በእንግሊዝኛም እፎይ ነው።»

ጠመንጃ፣ ፈቃድ ቢኖረውም፣ በመንገድ ሲታይ ሰው ያስደነግጣል። ስለዚህ በጋቢ ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው። ከፊት ጋሼ፣ ከኋላ ሕሩይ ይይዙ ነበር፤ ገዢው በየመሃሉ እየተቀበለ ይሸከማል። ዳገት ላይ ክብደቱ ሁሉ የሚወርደው ኋለኛው ላይ ነው። ረጅም ነገር በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ወደ እንጦጦ፣ ቅዳሜ ጠዋት! ያየው ሁሉ ታማሚ ወደ ጠበል የሚወሰድ መስሎት «እግዜር ይማርላችሁ» ይላል። ጋሽ ዋቅቶላ የፕሮቴስታንት ቸርች ሰው ናቸው፤ በየካ ክፍለ ከተማ እንደ እሳቸው ወደ ጠበል የተመላለሰ ጴንጤ ግን የለም። ሕሩይ «ምን ብለው ይመልሳሉ?» ሲላቸው «አሜን እላለሁ። አሜን የጋራ ነው» አሉት።

አንድ ቀን ታዲያ መንገዱ በሕዝብ ተጨናንቆ «ለጠናበት ታማሚ መንገድ ልቀቁ!» ተባለ። ተገፍተው ተገፍተው ከጠበሉ ሥር ደረሱ። አንድ የቸኮለ አስተናጋጅ ውኃውን በጆግ ቸለሰበትና «ማን ነህ? ተናገር!» አለ።

ጠመንጃው ዝም።

«ተናገር እልሃለሁ!»

ሕሩይ ጨነቀው። እዚያ ቦታ ደግሞ አይዋሽም። «ቁጥር ስምንት» አለ።

«ስምንት ሆናችሁ ነው የገባችሁበት!» ብሎ አስተናጋጁ ጀሪካኑን በሙሉ ገለበጠው።

በማግሥቱ የግራው አፈሙዝ ላይ የሳንቲም ያህል ዝገት ወጣ።

«ዋጋው ወደቀ» አሉ ጋሼ።

«ወይም ድኗል» አለ ሕሩይ።

«ምን ታሞ ነበር?»

«ፈላጊ ማጣት።»

እንግዲህ ወደ ዛሬው ጉዳይ ልምጣ። ሰኞ አንድ ሰው ይመጣል። ሎጅ ይሠራል፤ ለእንግዳ መቀበያው ቁጥር ስምንትን ከነዝገቱ ይፈልጋል፤ ዳገቱንም እወጣለሁ ብሏል። ጥሩ ነው። ችግሩ ጋሽ ዋቅቶላ ከጥር ወዲህ የቁጥር ስምንትን ዋጋ አይናገሩም። ሲጠየቁ «ገና አልወረደም» ነው መልሳቸው። ገዢው ግራ ተጋብቶ በመስኮት ዳገቱን ያያል፤ ጠመንጃው ግን ከኋላው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እትዬ እታገኝ ዛሬ ጠዋት ጠሩኝና «አካሉ፣ በንግግርህ መሃል ዋጋውን አስነግርልኝ። ዛሬ ካልተናገረ ሰኞ እኔው ተምኜ እሸጠዋለሁ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ዋጋውን ግን አላስነግርም። ለምን እንደማይናገሩ ነው የምነግራችሁ።

ኅዳር ላይ ሕሩይ ኩላሊቱን ታመመ። ሐኪም ቤት ተመላለስን። በመሃሉ እናቴ «አንድ ቀን ብቻ ጠበል ይድረስልኝ» አለች። መኪናው ካቆመበት ወዲያ ግን እግሩ እምቢ አለው። ያን ጊዜ ጋሽ ዋቅቶላ ጋቢውን ከትከሻቸው አወረዱ። ያው ጋቢ ነው፤ የጠመንጃ ዘይት ይሸታል። ሕሩይን አስተኛንበት። ከፊት እሳቸው ያዙ፣ ከኋላ እኔ ያዝኩ።

እትዬ አገርነሽ ጭራሮ ተሸክመው ሲወርዱ ከሩቅ አዩንና እንደ ልማዳቸው ጮኹ፤ «ዋቅቶላ! ዛሬም ያንን ብረት ይዘህ ወጣህ?»

ከጋቢው ውስጥ ድምፅ መጣ። «አዎ እትዬ፣ ቁጥር ስምንት ነኝ። ዝገቴን ሊያስለቅቁኝ ነው።»

እትዬ አገርነሽ ሳቁ። ቀረብ ብለው ፊቱን ሲያዩ ሸክማቸውን መንገድ ዳር ጥለው ጋቢውን ከመሃል ያዙ። እትዬ፣ ያን ቀን ጭራሮውን ሰው ወሰደብዎት። አመሰግናለሁ ሳልልዎት ቆየሁ።

መታጠፊያው ላይ ስናርፍ ሕሩይ «ጋሼ፣ እስቲ ዋጋዬን ይንገሩኝ» አለ።

«ገና አልወረድክም» አሉት።

ወረድን። ቤት ገብተን አልጋው ላይ ስናስተኛው እናቴ እፎይ አለች። እኔም አልኩ። እትዬ አገርነሽም ወገባቸውን ይዘው አሉ። ጋሽ ዋቅቶላ አላሉም። ጋቢውን አጥፈው ደረታቸው ላይ ይዘው ቆሙ። እስከ ዛሬም አላሉም።

ጋሼ፣ ከቀብሩ በኋላ እዚህ መምጣት ስጀምር ሰው ሁሉ አይዞህ ይለኝ ነበር። እርስዎ አንድም ቀን አላሉኝም። ጨርቅና ዘይት ሰጡኝ፤ «ግራውን አንተ፣ ቀኙን እኔ» አሉኝና አጠገቤ ተቀመጡ። ዝገቷ ጋ ስደርስ «እሷን ተዋት» አሉኝ።  ቅዳሜ እስኪደርስ የምቸኩለው ለዚያ ነበር። አመሰግናለሁ።

እትዬ እታገኝ፣ ደንቡ የእርስዎ ቤት ደንብ ነው። ወርዶ እፎይ ላላለ ሰው ጠመንጃው የእሱ ነው። ቁጥር ስምንትን እንደ ጋሼ ብዙ ጊዜ ያወጣና ያወረደ የለም፤ አስቀምጠው እፎይ ሲሉ የሰማ ካለ እጁን ያውጣ። የለም። ስለዚህ ሰኞ ልንሸጠው ያሰብነው የሰው ንብረት ነው። ለሎጁ ሰውዬ አሥራ ሁለት ቁጥር እንስጠው፤ ቪትዝ ነው፣ አያጣላንም። ምን ይላሉ?

ራስዎን ነቀነቁ? ነቀነቁ! ቶፊቅ፣ አይተሃል። እትዬ አገርነሽ፣ ምስክር ነዎት።

እንግዲህ ብርጭቆዎን ያንሱ። ጋሼ የቸርች ሰው ስለሆኑ፣ እኔም ተማሪ ስለሆንኩ የእኛ ሚሪንዳ ነው፤ ሌሎቻችሁ የያዛችሁትን አንሱ። ለጋሽ ዋቅቶላ! ጉልበትዎ ይጽና። ጡረታዎ ዳገት የሌለው ይሁን። የልጅ ልጆችዎ ዋጋ ሲጠይቁዎት ስኳር አያሸክሟቸው።

ጋቢውን አምጥቻለሁ፤ ቁጥር ስምንትም በሩ ጥግ ተጠቅልሎ ይጠብቀናል። የእርስዎ ቤት ደግሞ ከዚህ ወደ ላይ ነው። ከፊት እርስዎ ይያዙ፤ ከኋላ እኔ እይዛለሁ። መንገድ ላይ እግዜር ይማርላችሁ ካሉን አሜን እንላለን።

ደርሰን ስናስቀምጠው ግን፣ ጋሼ፣ እባክዎ እፎይ ይበሉ። አንወስድብዎትም።