ሰማያዊው ዞሮ ይሂድ
ባለቤቴን ምጥ ይዟት ከጅጋ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አደረስኳት። እሷን ወደ ማዋለጃ ክፍል አስገቧት፤ እኔ በሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። አግዳሚው ላይ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ስልካቸውን ይነካካሉ። «አንተ ልጅ፣ ና እስኪ ይችን ፍታልኝ» አሉኝ። የስልክ ጨዋታ ናት፤ ባለ ቀለም ነጥቦች አሏት፤ ቀዩን ከቀይ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ በመስመር ታገናኛለህ፤ አንዱ መስመር ግን ሌላውን ማቋረጥ የለበትም። ሰው ተጨንቆ ጨዋታ! ተናደድኩ፤ ለሽማግሌ እምቢ አይባልምና ግን ተቀመጥኩ። ቀዩን ሳገናኝ ሰማያዊው መንገድ አጣ። «በዳር በኩል ዞሮ ይሂድ እንጂ፤ ምን ያስቸኩለዋል?» አሉኝ። እውነትም ደረሰ። አንዱን ስጨርስ ሌላውን ስከፍት፣ ጭንቀቴ መቼ እንደለቀቀኝ እንጃ! አዋላጇ ብቅ ብላ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ሴት ልጅ!» ስትለኝ ስልኩን እንደያዝኩ ሮጬ ገባሁ።

እናትና ልጅን አይቼ፣ ስልኩን ልመልስ ስወጣ፣ አዛውንቱ እኔ በነበርኩበት በር ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

«እርስዎም ሰው አለዎት እንዴ?»

«ልጄ ናት። ከሚስትህ በፊት ነው የገባችው» አሉኝ።

እግዜር ይስጥልኝ ማለት አነሰብኝ። እጃቸውን ይዤ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳቸውና አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። አዲስ ጨዋታ ከፈትኩ።

«ጋሼ፣ ይችኛዋ አቃተችኝ፤ እስኪ ይፍቱልኝ።»