እትዬ ዘርፌ የወተፉት ቱቦ

እናንተ ዛሬ ጀሪካን በእግራችሁ እየለጋችሁ ትጫወታላችሁ፤ በእኛ ጊዜ ግን ልጆቼ፣ እዚህ እንጅባራ ፕላስቲክ ብርቅ ነበረ። ማር በቅል፣ ውሃ በእንስራ፣ አለቀ! ታዲያ አቶ ቢያድግልኝ የሚባል የማር ነጋዴ ነበረ፣ ማር እየሰበሰበ አዲስ አበባ የሚልክ፣ እና ቅሉ መኪና ላይ ይሰበራል፣ ማሩ ይፈሳል፣ ንቡ ሹፌሩን ይከተላል፤ ሹፌሩም አንድ ቀን ፊቱ አብጦ መጣና "ከእንግዲህ ያንተን ማር ከምጭን ጅብ ብጭን ይሻለኛል!" አለው። ታዲያ ይኼ ሰው ተናዶ ሄደና የፕላስቲክ ዕቃ የምትነፋ ማሽን፣ ያገለገለች፣ ገዝቶ መጣላችሁ። ወፍጮ ቤቱ ጎን ቆርቆሮ ቤት ሠርቶ ተከላት። የወፍጮው ሞተር እህሉንም ይፈጫል፣ ለእሷም መብራት ይሰጣታል።

እዚች ማሽን ላይ ነው ወንድሜ አለኸኝ፣ የእናንተ አባት፣ የተቀጠረው። ምን ያስቃችኋል? ያኔ ወገቡ ቀጭን፣ ፀጉሩ ጥቁር ነበረ! ማሽኗን የተከላት ሰው አሠራሩን አሳየውና ሲሄድ "ዋናው ሙቀቷ ነው፣ እሱን ከያዝክ ሌላውን ራሷ ታውቃለች" ብሎት ሄደ።

እኔ እንኳ ትምህርት ከሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ግን ምሳ ሳመላልስ ማየቱን አይቻለሁ፣ ስሙኝ። የፕላስቲኩ ፍሬ ከላይ ይገባል፣ ሆዷ ውስጥ ይቀልጣል፣ ከዚያ ልክ እንደ ሙክት አንጀት ተንዘልዝሎ ወደ ታች ይወርዳል። ፎርማ የሚሉት ሁለት ክፋይ ብረት አለ፣ ያን አንጀት ግጥም አድርጎ ይይዘዋል፣ እና አየር ይነፋበታል፣ ፉፉፉፍ! ይወጠርና የፎርማውን መልክ ይይዛል፣ ዕቃ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ የሆዷ ሙቀት ካነሰ አንጀቱ ይገግራል፣ ቢነፉት አይነፋም፤ ከበዛ ደግሞ እንደ ሰም ይንጠባጠባል። ፎርማው ግን በተቃራኒው መቀዝቀዝ አለበት፣ ዕቃው እዚያው ውስጥ እንዲጠነክር። ለዚህ ሲባል ከምንጩ በቱቦ ውሃ ይመጣል፣ በፎርማው ውስጥ ለውስጥ ያልፋል፣ በጓሮ ይወጣል። ሲገባ የእንጅባራ ውሃ ነው፣ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሲወጣ ለብ ብሎ ነው።

ለብ ያለ ውሃ፣ እንዲያው በነጻ፣ በዚህ ብርድ አገር! ታዲያ ሰፈሩ ሰምቶ ይቀራል? ሴቱ ሁሉ ጋቢውን፣ ሕፃኑን ይዞ ወደ ጓሮ።

በዚያው ሰሞን አለኸኝ እናታችሁን አጭቷል። አያታችሁ፣ የእናታችሁ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ እሺ ያሉት በአንድ ነገር ነው፤ "መሬት የለውም፣ በሬ የለውም፣ የማሽን ሥራ ግን አለው። ሥራው እስካለ ልጄ የእሱ ናት" አሉ። ሥራው ከሌለስ? እሱን አላሉም፣ መናገርም አላስፈለጋቸውም።

ታዲያ ከእለታት አንድ ቀን ዕቃው ሁሉ ይታመም ጀመር። ከፎርማው ሲወጣ ደህና ነው፣ መሬት ሲያስቀምጡት ቀስ እያለ ይጎብጣል፣ አንገቱ ይወድቃል፣ እንደ ሰካራም ዘፍ! አቶ ቢያድግልኝ አንዱን አንስቶ፣ "ይኼ ምንድን ነው? የማር ዕቃ ነው ወይስ በቅሎ የረገጠችው ዱባ? ሙቀቷን ቀንስ!" ይላል። አለኸኝ ይቀንሳል። ሲቀንስ ደግሞ አንጀቱ ገገረ፣ ጥግ ድረስ አልነፋ አለ፣ ጉንጩ የጎደጎደ ዕቃ ወጣ። "ጨምር!" ይጨምራል፣ ዘፍ። "ቀንስ!" ይቀንሳል፣ ጎድጓዳ። "እንግዲያው ፎርማው ውስጥ ይቆይና ይብረድ" ብሎ ሲያቆየው፣ አንዱ ዕቃ እስኪወጣ ጸሎተ ሃይማኖት ደግማችሁ ትጨርሳላችሁ።

"ስማ አለኸኝ" አለው አቶ ቢያድግልኝ፣ "ቅዳሜ ማሩ ይገባል። ቅዳሜ የሚቆም ዕቃ ካላየሁ ከአዲስ አበባ ሰው አስመጣለሁ። አንተ ወደ እርሻህ!"

"እርሻ የለኝም፣ ጌታዬ።"

"እንግዲያው ወደ አባትህ!"

እኔ ምሳ ይዤ ስደርስ አለኸኝ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ብሏል።

"ምን ሆንክ?"

"ምንም።"

"ማሽኗስ?"

"ፎርማው ጋለ። ውሃው አልሄድ ብሏል።"

"ታዲያ ቱቦውን አታየውም?"

"አይቼዋለሁ።"

"እና?"

ስንጥር አንስቶ መሬቱን ይጭር ጀመር።

"አንተን እኮ ነው! እና?"

"ራስሽ ሄደሽ እዪው" አለኝ።

በጓሮ ዞርኩ። ምን ባይ ጥሩ ነው? እትዬ ዘርፌ! የእናታችሁ እናት፣ አማቱ! ሳፋ ውስጥ እግራቸውን ነክረው፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጭናቸው ሰብስበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው "እሰይ፣ እሰይ" ይላሉ። የቱቦውን አፍ በጨርቅ ወትፈውታል፣ ውሃው ጠብ ጠብ ነው የሚለው። ዘዴዋን ደርሰውባታል እኮ! ውሃው በፍጥነት ካለፈ ለብ ይላል፣ ከታፈነ ግን ፎርማው ውስጥ ተኝቶ ይሞቅና ትኩስ ሆኖ ይመጣላቸዋል። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸው ነበር፣ አይፈረድባቸውም።

ተመለስኩ። "ለምን አትነግራቸውም?" አልኩት።

"አብደሻል? አማቴ ናቸው! ጭንዎን ተገልጠው አየሁዎት ልበላቸው?"

"እንግዲያው ለአቶ ቢያድግልኝ ንገረው።"

"ሄዶ እንዲጮህባቸው? በእኔ የተነሳ? ሥራው ይቅርብኝ።"

"ሥራው ከቀረ ሚስትህም ቀረች!"

"እሱንም አስቤዋለሁ" አለና ምሳውን ከፍቶ ይጎርስ ጀመር። ወንድሜ እንዲህ ነው፣ ሲጨንቀው ይበላል።

አማት ያኔ አማት ነበረች ልጆቼ። አማች አማቱን ቀና ብሎ አያይም፣ እሷ ፊት እህል አይቀምስም። እኔ ግን የማንም አማች አይደለሁ! ሄድኩላችሁ።

"እንዴት ዋሉ፣ እትዬ?"

"አንቺ ነሽ? ነይ ግቢ፣ እግርሽን ክተቺ። ይኼ ውሃ መድኃኒት ነው።"

"እትዬ፣ ማሽኗ ታማለች።"

"ደሞ ብረት ይታመማል?"

"ትኩሳት ይዟታል። የምትወልደው ዕቃ ሁሉ ልምሾ ሆነ።"

"ታዲያ እኔ ሐኪም ነኝ?"

"ውሃዋ ተዘግቶባት ነው፣ እትዬ።"

"ማን ዘጋባት?"

እኔ ጨርቁን አየሁት። እሳቸውም ጨርቁን አዩት። ታዲያ ተቆጡ! እሳቸው እንደምታውቋቸው ሲመርቁ በአማርኛ፣ ሲቆጡ በአገውኛ ነው፣ እና ያን ቀን አገውኛው ረዘመ። ሲወጣላቸው ጊዜ፣ "የሰው ጉልበት ይበልጣል ወይስ የቢያድግልኝ ብረት?" አሉኝ።

"ጉልበት ይበልጣል እንጂ እትዬ። ግን አለኸኝ ቅዳሜ ሊባረር ነው።"

"አለኸኝ? የእኛው?"

"የእኛው።"

"ታዲያ መጥቶ አይነግረኝም? አፍ የለውም?" አሉና ድንገት ቀጥ አሉ። ቀሚሳቸውን ወደ ታች ጎተቱት፣ ሳፋው ውስጥ ተነከረ። "አይቶኛል?"

"እሱ ደግሞ ከማሽኑ መቼ ቀና ይላል!" አልኩ።

ዓይናቸውን አጥብበው ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ አሉና ጨርቁን መዘዙት፣ የታፈነው ውሃ ቡፍ! ብሎ እኔኑ ከአናቴ እስከ እግሬ። እሳቸው እንኳ ሳቁ።

ሮጥኩ ወደ ውስጥ። አለኸኝ ፎርማው ላይ መዳፉን አድርጎ ቆሟል። "እየበረደ ነው" አለ፣ "እየበረደ ነው!" የሆዷን ሙቀት ወደ ቀድሞው ቦታ መለሰ። አንዱን ነፋ፣ አወጣ፣ መሬት ላይ አስቀመጠ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን አየነው፣ አየነው። አልጎበጠም። በጣቴ ገፋ አደረግኩት። ንቅንቅ አላለም!

ስወጣ እትዬ ዘርፌ ሳፋቸውን ደፍተው በእርጥብ ቀሚስ ቆመዋል። "ብረቷስ ተፈወሰች፣ የእኔ ጉልበትስ?" አሉኝ። አሳዘኑኝ፣ እውነቴን ነው። ያኔ ነው የወፍጮው ሞተር ትዝ ያለኝ። እሱም እንዳይግል ጎኑ በርሜል ሙሉ ውሃ አለው፣ ያ ውሃ እጅ ይልጣል። ለወፍጮው ሰውዬ ብነግረው "የቀዳችሁትን ያህል ቀዝቃዛ እስከጨመራችሁ ድረስ እንኳን ጉልበት፣ ሰርግ እጠቡበት!" አለ። ከዚያ ወዲያ አለኸኝ ሥራ ሲወጣ ከበርሜሉ አንድ ባልዲ ይቀዳል፣ ደጃቸው ያስቀምጣል፣ ዞር ብሎ ሳያይ እግሬ አውጪኝ።

ቅዳሜ አቶ ቢያድግልኝ መጣ፣ ዕቃዎቹን በጫማው ገፋ ገፋ አደረጋቸውና፣ "አየህ? ስቆጣህ ትሠራለህ!" አለው። ይበል! ማሩ ተጫነ፣ ንቡም ሹፌሩን ተወው።

ታዲያ ሽማግሌ ተቀመጠ። አያታችሁ "የልጁ ሥራ ጸንቷል፣ እኔም ቃሌ ቃል ነው። የሚናገር አለ?" ሲሉ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የእትዬ ዘርፌ ድምፅ፣ "እኔ አንድ ነገር አለኝ።"

ሰው ሁሉ ወደ መጋረጃው ዞረ።

"ልጁ ጨዋ ነው፣ አይደለም አልልም። ግን ኮቴው አይሰማም። ከእንግዲህ ሰው ወዳለበት ሲመጣ ያስል።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው "ይኼ በጥሎሽ ይጻፍ?" አሉ። አለኸኝን ላብ አጠመቀው፣ እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ልሞት!

ይህን ጊዜ የአለኸኝ ትልቋ ልጅ ብድግ አለች። "ውይ አክስቴ! ታዲያ አባዬ አያቴ ጋ ስንሄድ ገና ከአጥሩ ጀምሮ እህ፣ እህ የሚለው ለዚህ ነው? እማዬ እኮ ጉንፋኑ አልለቀው አለ እያለች ስንት ዘመን ሙሉ ዝንጅብል ስታፈላለት ኖረች!"